ኮሌክሽን ሲደውል፦ ስልኩን ዝጉ፣ ወረቀቱን ጠይቁ

በሜሪላንድና በአካባቢው ለሚኖሩ ወገኖች በአማርኛ ከተሰጠ ንግግር የተጻፈ። ኮሌክሽን የምንለው የሌላውን ዕዳ ለማስከፈል የሚደውለውን ድርጅት፣ ዕዳ ሰብሳቢውን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰው ስለ ሕመሙ ያወራል፣ ስለ ፍቺውም ያወራል፤ ስለ ዕዳው ግን ለወንድሙም አይተነፍስም። ስለዚህ እዚህ መገኘታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ኋላ የተቀመጣችሁ «ለጓደኛዬ ብዬ ነው የመጣሁት» የምትሉም እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የሰው ደብዳቤ ሳነብና ፎርም ስሞላ የምውል ሰው ነኝ። የምነግራችሁ ሕጉ የሚለውንና በወገኖቻችን ላይ ሲደርስ የማየውን ነው። ጉዳያችሁ ፍርድ ቤት ከደረሰ ወደ ጠበቃ ወይም እንደ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ ወዳሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎች ሂዱ።

ከፍርሃቱ ልጀምር፤ ሁልጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ያስሩኛል ወይ?» የሚለው ነውና። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። እኛ ያደግነው ደረቅ ቼክ የጻፈ ሰው በወንጀል ተከሶ ወህኒ በሚወርድበት አገር ነው። በአያቶቻችን ዘመንማ ባለዕዳና ባለገንዘብ ቁራኛ ሆነው፣ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውሉ ነበር። አሜሪካ ግን የዕዳ እስራትን በፌዴራል ደረጃ ያስቀረችው በ1833 ነው። የክሬዲት ካርድ፣ የሆስፒታል፣ የስልክ ወይም የመኪና ዕዳ አልከፈልክም ተብሎ የሚታሰር ሰው የለም። ደዋዩ «ፖሊስ በር ላይ እልካለሁ» ካለ ሕግ የጣሰው እሱ ነው።

«ግሪን ካርዴን ይነጥቁኛል?» የሚል ጥያቄም ይከተላል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት አይደለም። ለዜግነት ስታመለክቱ የሚያስጠይቃችሁ ያልተከፈለ ግብርና ለልጅ ማሳደጊያ የተፈረደ ገንዘብ ነው፤ የሱቅ ካርድ አይደለም። በስልክ የኢሚግሬሽንን ስም እየጠራ የሚያስፈራራ ሰው ምናልባት ሰብሳቢም አይደለም፤ አጭበርባሪ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በዕዳ አትታሰሩም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመናቅ ግን ልትያዙ ትችላላችሁ። በሜሪላንድ ከሳሹ ከተፈረደለት በኋላ ያላችሁን ሀብትና ገቢ ቀርባችሁ እንድታስረዱ ሊያስጠራችሁ ይችላል። ለዚያ ካልቀረባችሁ፣ ቀጥሎም «ለምን እንዳልቀረብክ አስረዳ» ለሚለው መጥሪያ ካልቀረባችሁ፣ ዳኛው ተይዛችሁ እንድትቀርቡ ሊያዝ ይችላል። እዚያ ደረጃ የሚያደርሰው ዕዳው ሳይሆን ፖስታ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነው። በየቤቱ እንዲህ ያለ መሳቢያ አለ፤ አውቃለሁ።

ወደ ሕጉ ልግባ። ፌር ዴት ኮሌክሽን ፕራክቲስስ አክት፣ የፍትሐዊ ዕዳ አሰባሰብ ሕግ እንደማለት፣ ይባላል፤ ኮንግረስ ያወጣው በ1977 ነው። ዝርዝር ማስፈጸሚያው፣ ሬጉሌሽን ኤፍ የሚባለው፣ ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ ይሠራበታል። ሕጉ የሚገዛው የሌላ ሰውን ዕዳ የሚሰበስበውን ነው፤ እኛ «ኮሌክሽን» የምንለውን ድርጅት፣ በዕዳ ማስከፈል ሥራ ላይ የተሰማራውንም ጠበቃ። ያበደራችሁ ባንክ በራሱ ሠራተኛ፣ በራሱ ስም ቢደውል ግን በአብዛኛው በዚህ ሕግ ሥር አይወድቅም። የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ ግብር፣ የልጅ ማሳደጊያም እንዲሁ። ዕቁብማ የራሱ ዳኛ አለው።

አሁን ዋናው ነገር። ዕዳ እንደ ሸቀጥ ይሸጣል። ባንኩ ለወራት ጠብቆ ተስፋ ሲቆርጥ ዕዳውን ከሺህ ሌሎች ዕዳዎች ጋር ጠቅልሎ ለዕዳ ገዢ ይሸጠዋል፤ ገዢው ለሌላ፣ ያም ለሌላ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ፣ በ2013 ባወጣው ጥናት ትልልቆቹ ገዢዎች ለ1 ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ብቻ ይከፍሉ እንደነበር አሳይቷል። 3,000 ዶላር ዕዳ አለብህ የሚላችሁ ድርጅት 120 ዶላር ከፍሎበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገዛውም ውሉንና ደረሰኙን አይደለም፤ ኮምፒዩተር ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። ስም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የመጨረሻ ክፍያ የተደረገበት ቀን፣ ቀሪ ሂሳብ። ይኸው ጥናት ሻጮች በሽያጭ ውላቸው ላይ ለመረጃው ትክክለኛነት ኃላፊነት እንደማይወስዱ ይጽፉ እንደነበርም አግኝቷል። ሻጩ ራሱ የማይተማመንበት መስመር እናንተ ዘንድ ሲደርስ «በእርግጥ አለብህ» ሆኖ ይደርሳል።

ይህ ነገር ከእኛ ስም ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጉድ ነው። የአባታችን ስም ላስት ኔም ሆኗል። አበበ ተስፋዬ፣ ሄለን ኃይሌ በየከተማው ስንት እንዳለ ቁጠሩ። ኃይሌን አንዱ ቢሮ በአይ ይጽፈዋል፣ ሌላው በዋይ። በዚያ ላይ በስደተኛ ካምፕ ያለፈው፣ የልደት ወረቀት ያልነበረው፣ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስሙም አንድ፣ ልደቱም አንድ፣ የኖረበት ሕንፃ እንኳ አንድ የሆነ ሰው ሞልቷል። የሰው ዕዳ እኛ ላይ የሚለጠፈው እንዲህ ነው፤ ዕዳ ከሜዳ ይሏል ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን በትክክል ስለጠራ ብቻ ዕዳው የናንተ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ስልኩ ሲደወል ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ስትሆኑ ነው።

«ከወይዘሮ እገሊት ጋር ነው የምነጋገረው? በጣም አስፈላጊ ጉዳይ ነው። ማንነትዎን ለማረጋገጥ የሶሻልዎን የመጨረሻ አራት ቁጥሮችና የልደት ቀንዎን ይንገሩኝ።»

እዚህ ላይ ቁሙ። የደወለው እሱ ነው፤ ማንነቱን ማረጋገጥ ያለበትም እሱ ነው። ሶሻልም፣ ልደትም፣ የባንክ ቁጥርም አትስጡ። ይቀጥልና «ይህን ዕዳ ያውቁታል አይደል?» ይላል። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን፤ «አዎ፣ ትንሽ ተቸግሬ ነው እንጂ እከፍላለሁ» እንላለን። አልሰደበንም፣ በትሕትና ጠየቀን፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ይኸን ጊዜ የመጨረሻውን ካርድ ይመዛል። «እንግዲያው ቅን ልቦናዎን ለማሳየት ዛሬ 50 ዶላር ብቻ በዴቢት ካርድ ይክፈሉ፣ የቀረውን እንነጋገራለን።»

ያቺ 50 ዶላር ውድ ናት። በብዙ ስቴቶች ጊዜው ያለፈበትን ዕዳ እንደገና ነፍስ ልትዘራበት ትችላለች፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። የዴቢት ቁጥራችሁም እጁ ገባ። ስለዚህ የምትሉት አጭር ይሁን። የደዋዩን ስም፣ የድርጅቱን ስም፣ አድራሻና ስልክ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ይህን በሉ፦ «ሴንድ ሚ ዘ ቫሊዴሽን ኖቲስ። አይ ዊል ኖት ዲስከስ ዚስ ባይ ፎን።» «የዕዳውን ማረጋገጫ ማስታወቂያ ላኩልኝ፤ በስልክ አልነጋገርበትም» ማለት ነው። አለቀ፤ ስልኩን ዝጉ። ነውር የለውም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ ቀን የተነገረ ይመስለኛል።

ስልኩን ልቅዳው የምትሉ ወጣቶች አላችሁ። ጥንቃቄ! በሜሪላንድ የሌላው ወገን ፈቃድ ሳይኖር የስልክ ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል ይላሉ። ድልድዩን ስትሻገሩ ሕጉም ይቀየራል።

ሰብሳቢው ከመጀመሪያው ግንኙነት ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ያንን ማስታወቂያ መላክ አለበት፤ አስቀድሞ ካልሰጠ በቀር። አሁን ደብዳቤውን አብረን እናንብብ። መንግሥት ባዘጋጀው ናሙና መሠረት የተጻፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው። ከላይ በግራ የሰብሳቢው ስምና አድራሻ፣ በቀኝ የናንተ ስምና መለያ ቁጥር። በግራ በኩል ዕዳው ለማን እንደነበረና የሂሳቡ የመጨረሻ አኃዞች ይጻፋሉ፤ ቀጥሎ እንደ ሱቅ ደረሰኝ የተደረደረ ሂሳብ አለ። በዚህ ቀን ያለባችሁ ይህን ያህል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ወለድ ይህን ያህል ተጨመረ፣ ክፍያና ቅጣት ይህን ያህል፣ የከፈላችሁት ይህን ያህል ተቀነሰ፣ ዛሬ ድምሩ ይህ ነው። እያንዳንዷን መስመር በጣታችሁ እየያዛችሁ ተመልከቱ። 800 የነበረው 1,900 የሆነው በየትኛው መስመር ነው? ውሉ ወይም ሕጉ የማይፈቅደውን ወለድና ክፍያ መጨመር ክልክል ነው።

በቀኝ በኩል አንድ ቀን ተጽፎ ታገኛላችሁ። ያ ቀን ትልቅ ቀን ነው። ማስታወቂያው ደረሳችሁ ከሚባልበት ዕለት ጀምሮ ያለው የ30 ቀን ጊዜ የሚያበቃበት ነው። እስከዚያ ድረስ በጽሑፍ ከተቃወማችሁ፣ ሰብሳቢው ዕዳው የናንተ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ እስኪልክ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለበት። በስልክ ብቻ «አይደለም» ማለት ይህን ግዴታ አያመጣበትም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከገጹ ግርጌ ተቆርጦ የሚላክ ክፍል አለ፤ ትንንሽ ሳጥኖች ያሉበት። «ይህ የእኔ ዕዳ አይደለም»፣ «መጠኑ ትክክል አይደለም»፣ «ሌላ ምክንያት» ይላሉ። ከሥራቸው ደግሞ የመጀመሪያው አበዳሪ ስምና አድራሻ እንዲላክላችሁ የምትጠይቁበት አለ። በመጨረሻ «ይህን ያህል ገንዘብ አያይዣለሁ» የሚል ሳጥንም አለ፤ ያንን ለጊዜው ተዉት። ፎርሙን በስፓኒሽ እፈልጋለሁ የሚል ሳጥን በአንዳንዱ ላይ ታያላችሁ። አማርኛ የለም፤ ገና ድምፃችን አልተሰማም።

ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ መድረሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ባለው ሰርቲፋይድ ሜይል ላኩት። ጥቂት ዶላር ያስወጣል። እኔ እስካየሁት ድረስ ከብዙ ዕዳ ገዢዎች ዘንድ ለዚህች ደብዳቤ መልስ አይመጣም፤ ለ120 ዶላር ሸቀጥ ማስረጃ ፍለጋ የሚደክም የለም። ዕዳው በእርግጥ የናንተ ከሆነና ማስረጃ ከመጣም አልከሰራችሁም፤ ከማን ጋርና በስንት ብር እንደምትነጋገሩ አወቃችሁ።

30 ቀኑ ቢያልፍስ? መቃወም ትችላላችሁ፤ እስኪያረጋግጥ እንዲያቆም የማስገደዱ ጉልበት ግን ቀንሷል። ዝም ማለታችሁ ብቻውን በፍርድ ቤት ዕዳውን እንዳመናችሁ አያስቆጥርም፤ ሕጉ ይህን በግልጽ ይላል።

ስለ ስልክ ጥሪው ያሉትን ደንቦች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ መደወል አይቻልም፤ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምለው፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 3 መሆኑ ነው። ስለ አንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ከደወለ፣ ወይም በስልክ ካነጋገራችሁ በኋላ 7 ቀን ሳይሞላ ተመልሶ ከደወለ ሕግ እንደጣሰ ይገመታል። አለቃችሁ በሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ስልክ እንደማይፈቅድ ከነገራችሁት እዚያ መደወል ማቆም አለበት። በቴክስትና በኢሜይል ከመጣም በቀላሉ «አቁም» የምትሉበትን መንገድ በየመልእክቱ ማሳየት ግዴታው ነው። ጨርሶ እንዳያናግራችሁ በጽሑፍ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ማቆሙን ወይም የሚወስደውን ሕጋዊ እርምጃ ለማሳወቅ ካልሆነ አይጽፍላችሁም። ይህን ስታደርጉ ግን አስቡበት። ስልኩ ዝም አለ ማለት ዕዳው ሞተ ማለት አይደለም፤ ቀጣዩ ድምፅ የፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል።

እኛን የበለጠ የሚነካን ሦስተኛ ሰው ዘንድ መደወል ነው። ሰብሳቢው ከባለቤታችሁ ጋር ስለ ዕዳው መነጋገር ይችላል። ከአጎታችሁ፣ ከዕድር ሰብሳቢው፣ ከንስሐ አባታችሁ፣ ከቤት አከራያችሁ ጋር ግን አይችልም። እነሱን የሚጠይቀው አድራሻችሁን፣ ስልካችሁንና የሥራ ቦታችሁን ለማግኘት ብቻ ነው፤ ዕዳ እንዳለባችሁ መናገር ክልክል ነው፣ ደጋግሞ መደወልም እንዲሁ። ፌስቡክ ላይ ሰው በሚያየው ቦታ መጻፍም አይችልም። እንግሊዝኛ ስለሚቀላቸው ስልኩን የሚያነሱት የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆቻችን ናቸው። ለልጅ ዕዳችሁን ማውራት አይፈቀድለትም። እባካችሁ እናንተም ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

አሁን ጊዜው ስላለፈ ዕዳ። ለመክሰስ የተወሰነ ጊዜ አለ። በሜሪላንድና በዲሲ እንደ ክሬዲት ካርድ ባለ ዕዳ ላይ 3 ዓመት ነው። በቨርጂኒያ የተፈረመ የጽሑፍ ውል ካለ 5 ዓመት፣ ከሌለ 3 ዓመት ነው። ሬጉሌሽን ኤፍ ሰብሳቢው ጊዜው ባለፈ ዕዳ እንዳይከስና እከሳለሁ ብሎ እንዳያስፈራራ ይከለክላል፤ በጨዋነት መጠየቅ ግን በብዙ ቦታ ይችላል። ያቺ 50 ዶላር የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ስቴቶች ከፊል ክፍያ ሰዓቱን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ሜሪላንድ በ2016 በወጣ ሕግ ጊዜው አንዴ ካለፈ በኋላ በሚደረግ ክፍያ የሸማች ዕዳ እንደማይነሣ ደንግጋለች፤ ነገ ወደ ሌላ ስቴት ብትሄዱ ግን ይህ ጥላ አብሯችሁ አይሄድም። ይህን ጊዜ የዕዳ አከፋፈል ታሪካችሁ በሚመዘገብበት ክሬዲት ሪፖርት ላይ ካለው 7 ዓመት ጋር አታምታቱት። የተበላሸ ዕዳ ሪፖርት ላይ መክፈል ካቆማችሁበት ጀምሮ 7 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ሌላ ነው።

የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ቨርጂኒያ የምትኖሩ በተለይ ስሙኝ። እዚያ የዕዳ ክስ መጥሪያ ርእሱ «ዋራንት ኢን ዴት» ይላል። ዋራንት የሚለውን ያየ ወገናችን የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ የመያዣ ትእዛዝ መስሎት ከቤት ይሰወራል፣ ወይ በድንጋጤ ለደወለው ሁሉ ይከፍላል። የመያዣ ትእዛዝ አይደለም። የፍትሐ ብሔር መጥሪያ ነው፤ ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል፤ በዚያ ቀን ትቀርባላችሁ፣ «ዕዳውን እክዳለሁ» ትላላችሁ፣ ዳኛው ለክርክር ሌላ ቀን ይቀጥራል። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ደግሞ ከመጥሪያው ጋር «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንሽን ቱ ዲፌንድ»፣ ክሱን እከራከራለሁ ብላችሁ የምታሳውቁበት ክፍል ይመጣል፤ መጥሪያው በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ ሞልታችሁ መመለስ አለባችሁ።

ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 እንዳሳየው መረጃ በተገኘባቸው ቦታዎች ከዕዳ ክሶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሳሽ የሚረታው ተከሳሽ ስላልቀረበ ወይም መልስ ስላልሰጠ ነው። ማስረጃ ሳይመረመር፣ ስሙ የማን እንደሆነ ሳይጣራ። የእኛ ሰው እኮ በሙግት ወግ የታወቀ ነው፤ «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛ የሚቆምበት፣ «በላ ልበልሃ» እየተባለ ነገር የሚረታበት አገር ልጆች ነን። እዚህ መጥተን እንግሊዝኛው ሲያስፈራን ቀረን። አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ አማርኛ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀርባችሁም ሁለት ነገር በሉ። አንደኛ፣ ማስረጃ ይቅረብ። በሜሪላንድ ዕዳ ገዢ በቃለ መሐላ ብቻ ፍርድ ሲጠይቅ ዕዳው ከመጀመሪያው አበዳሪ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደተላለፈ የሚያሳዩ ሰነዶችን ማያያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ ጊዜው አልፎ ከሆነ ጊዜው አልፏል በሉ። ዳኛው በራሱ አያነሳላችሁም፤ ካላነሳችሁት እንደተዋችሁት ይቆጠራል።

ከተፈረደባችሁ በኋላ ፔይቼክ ላይ ይመጣሉ። በፌዴራል ሕግ ለተራ ዕዳ ግብር ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው ደሞዝ ከ25 በመቶ በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ስቴቶች ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ሊሰጡ ይችላሉ። የፌዴራል የተማሪ ብድር ግን ለብቻው ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት እስከ 15 በመቶ ከደሞዝ የሚቆረጥበት መንገድ አለው።

ስለ ዋስ ሳልናገር አላልፍም። እኛ ዋስ መሆን ያስከብራል ብለን ያደግን ነን፤ የታክሲ መኪና ለሚያወጣ ወንድም ኮሳይን ማድረግ እንደ ቡና ማጣጣት ሆኗል። እዚህ ኮሳይን ያደረገ ሰው ባለዕዳ ነው። አበዳሪው ወንድማችሁን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተን መጠየቅ ይችላል፤ የዘገየችው ክፍያ የናንተንም ክሬዲት ታበላሻለች። መኪናው ተነጥቆ በጨረታ በርካሽ ቢሸጥ ቀሪው ሂሳብ ለሁለታችሁም ይመጣል። ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ብትፈርሙ እሰየው፤ ሳታውቁ ግን አትፈርሙ።

የሆስፒታል ቢል ከሌላው ይለያል፤ እዚህ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይከፈላል። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ መርሐ ግብር እንዲኖራቸው የፌዴራል ግብር ሕግ ያስገድዳቸዋል። ከመጀመሪያው ቢል 120 ቀን ሳይሞላ መክሰስም ሆነ ክሬዲት ላይ ማስመዝገብ አይችሉም፤ ለእርዳታው ማመልከቻ 240 ቀን አላችሁ። በሜሪላንድ የቤተሰብ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል እስከ 200 በመቶ ለሆነ ሰው ሆስፒታሎች አስፈላጊ ሕክምናን በነጻ መስጠት አለባቸው። ቢሉ ኮሌክሽን ከገባ በኋላም ወደ ሆስፒታሉ ተመልሳችሁ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብላችሁ ጠይቁ። ሰብሳቢው ይህን አይነግራችሁም። ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ዕዳ ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች ከ2023 ጀምሮ ሪፖርት ላይ አያወጡትም፤ «ክሬዲትህን አበላሸዋለሁ» የሚለው ማስፈራሪያም በዚያ መጠን ባዶ ነው።

ዕዳው የናንተ ሆኖ መክፈል ከፈለጋችሁ ተደራደሩ፤ ስንት እንደገዛው አሁን ታውቃላችሁ። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ስምምነቱ በጽሑፍ ይምጣ፤ መጠኑ፣ ቀሪው እንደተሰረዘ፣ ለሌላ እንደማይሸጥ። የባንክ ቁጥር ከመስጠት ባንኩ ራሱ የሚጽፈው ካሽየርስ ቼክ ይሻላል። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተሰረዘላችሁ 1099-ሲ የሚባል ፎርም ሊመጣና እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል፤ ለግብር ሠሪያችሁ አሳዩት። በጊፍት ካርድ ወይም በስልክ ገንዘብ በሚላክበት በዜል ብቻ ክፈሉ የሚል ሰብሳቢ ደግሞ ሰብሳቢ አይደለም።

ሕጉን የጣሰ ሰብሳቢ ሊከሰስ ይችላል። የደረሰባችሁን ጉዳት፣ በዚያ ላይ ዳኛው የሚወስነውን እስከ 1,000 ዶላር ድረስ፣ የጠበቃችሁንም ወጪ ይከፍላል። ጠበቃው ከእነሱ ስለሚከፈለው እንዲህ ያለውን ጉዳይ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚይዙ አሉ። ጊዜው ግን 1 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ጥሰቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው፣ እናንተ ካወቃችሁበት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 እንዲህ ወስኗል። ሸማቹን በገንዘብ ጉዳይ ለሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ለሲኤፍፒቢ፣ አቤቱታ ማቅረብም አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ከ2025 ወዲህ በፖለቲካው ተናውጧል፣ ብዙ አትጠብቁ። የራሳችሁን የመክሰስ መብት ግን ማንም አልነካውም። የደወለበትን ቀን፣ ሰዓትና ቃል የጻፋችሁበት ደብተር ያን ጊዜ ይናገራል።

ጥያቄዎችን ልቀበል።

አንድ ምግብ ቤት ያላቸው ወንድም ለሥራቸው ስለወሰዱት ብድር ጠየቁ። ወንድሜ፣ ይህ ሕግ የሚጠብቀው ለራስ፣ ለቤተሰብና ለቤት የተወሰደን ዕዳ ነው። የንግድ ዕዳ አይገባበትም፤ በግል ፈርመው ከሆነ ደግሞ ቤትዎ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ከየዕለቱ ሽያጭ የሚቆረጥ ፈጣን ብድር ከሆነማ ውሉን ይዘው ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ይሂዱ።

አንዲት እህት ስለ እናታቸው ጠይቀዋል። እናት ኤስኤስአይ፣ መንግሥት ገቢ ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ድጎማ፣ ይቀበላሉ፤ የድሮ ዕዳ አለባቸው፤ ባንኩ ሂሳባቸውን ይዘጋዋል ብለው ይሰጋሉ። እትዬ፣ አይስጉ። ኤስኤስአይን ለክሬዲት ካርድና ለሆስፒታል ዕዳ መውሰድ አይቻልም። ገንዘቡ በቀጥታ ከመንግሥት ወደ ባንክ የሚገባ ከሆነ የእገዳ ትእዛዝ ቢመጣ እንኳ ባንኩ የሁለት ወር ያህሉን በራሱ ጊዜ መጠበቅና ሳይያዝ መተው አለበት። በቼክ ተቀብለው ራሳቸው የሚያስገቡ ከሆነ ግን ባንኩ በራሱ አይለየውም፤ የጥበቃ ጥያቄ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ያስፈልጋል። ሂሳቡ ከእርስዎ ጋር የጋራ ነው ብለዋል፤ ያንን ይለዩት፣ የእርስዎ ዕዳ ቢኖር የእናትን ሂሳብ ሊያስነካ ይችላልና። በስማቸው ብቻ አንድ ሂሳብ ይክፈቱ፣ ከኤስኤስአይ በቀር ሌላ ገንዘብ አይግባበት። ለሰብሳቢውም «ገቢዬ ኤስኤስአይ ብቻ ነው፣ ከእንግዲህ አታናግሩኝ» የሚል ደብዳቤ ፈርመው ይላኩ። ናሙናው እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ስማቸውንና የሂሳብ መለያውን ብቻ ይሙሉበት።